አንድ ሲኒ ላምባ

በስኳር ፋብሪካው ላቦራቶሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ሴት በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው «ጭቂት» ናት። የሸንኮራው ጭማቂ ሲጣራ የሚቀረውን፣ ሁሉም ሜዳ ላይ የሚደፋውን ጥቁር ጭቃ እየሰበሰበች ሰም ታወጣበታለች። ሰሙ ለክኒን መሸፈኛ ይፈለጋል።

ድሮ ሰሙን የምታወጣው ከቤንዚን ዘር በሆነ ፈሳሽ ነበር። ራሷን ይፈልጣታል፤ ሰሙም ይሸታል፤ የገዛው የለም። ሁለት ዓመት ለፍታ በአልኮል ተካችው፤ ያውም ፋብሪካው ራሱ ከሞላሰስ በሚያወጣው። አልኮሉም ተንኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ተመልሶ ይያዛል እንጂ አይደፋም። ዛሬ ከሰዓት ገዢ ይመጣል። ካልወደደው፣ «ጭቃው ወደ ሜዳው፣ አንቺም ወደ ስኳር ምርመራሽ» ብሏታል ሥራ አስኪያጁ።

ጠዋት አሥር ኪሎውን ሰም ከፍታ አሸተተች። ላምባ ላምባ ይላል! አልኮሉ ከዕቃ ግምጃ ቤት የመጣበትን ጀሪካን አሸተተች። ያው ነው።

ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው።

«ጋሼ፣ አልኮሉ ላይ ምን ጨመሩበት?»

«ላምባ ነዋ። አንድ ሲኒ ብቻ።»

«ለምን?»

«እንዳይጠጡት! አምና አራት ሰው ከወደቀበት ያነሳሁት እኔ አይደለሁ? እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

«እኔ ጠጪ እመስላለሁ?»

«አንቺማ ምን በወጣሽ። ባልሽን ነው የማላምነው፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን የምትለውን ታውቅ ነበር።

«ሁለት ዓመት ከዚህ ሽታ ስሸሽ ኖሬ፣ እርስዎ በሲኒ መለሱልኝ! አሁን ንጹሑን ከአልኮል ማውጫው ቧንቧ እቀዳለሁ።»

«ብቻሽን? አይሆንም።»

ግምጃ ቤቱን ቆለፉና፣ ከቧንቧው ንጹሑ የተቀዳበትን ጀሪካን ራሳቸው ተሸክመው ተከተሏት። ላቦራቶሪው ውስጥ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እሷ አዲስ ጭቃ በትኩስ አልኮል ትዘፈዝፋለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከጀሪካኑ አይነቅሉም። ውጭ ደግሞ ብሎን የፈለገ መካኒክ የተቆለፈውን በር እየደበደበ ይጮኻል።

ገዢው ሲመጣ የደረሰው ሰም የክብሪት ቀፎ አያህልም። ሰውዬው ሰበረው፤ አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው።

«ንጹሕ ነው። አሥር ኪሎ አልነበር የተባልኩት?»

«አሥር ኪሎው ላምባ ጠጥቷል» አለች ጭቂት።

ሰውዬው አልሳቀም። «እንደዚህ ያለው አሥር ኪሎ ሲሞላ ጥሩኝ» ብሎ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ በግድ አንድ ወር ሰጣት።

አንድ ወር! እንደገና ጭቃ መሸከም፣ እንደገና መዘፍዘፍ። ጭቂት ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ጋሼ ጀሪካኑን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና ተደሰቱ።

«አየሽ? አንድ ጠብታ የቀመሰ የለም!»