ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ሰርቨር

ከአሐድ አል-መሳርሐ ወጣ ብሎ ካለው የቲማቲም እርሻ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ጉዳዬ ጂዛን ሄዶ ሰርቨር መግዛት ነው። ሳቁ እንጂ! በየመን በኩል በእግራችን ሳዑዲ የገባን፣ ኢቃማ የሚሉት መኖሪያ ፈቃድ የሌለን ሰዎች የኢንተርኔት ድርጅት አለን። ኢቃማ ለሌለው ሲም ካርድ አይሸጥም። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ሰይድ በየመናዊው የእርሻ ተቆጣጣሪ ስም መስመር አስገባን፤ የውሃ ታንከሩ ላይ አንቴና ሰቅለን በዙሪያው ላሉ እርሻዎች ሠራተኞች በወር ክፍያ እናከፋፍላለን። የከፈለውን የሚያስገባው፣ ያልከፈለውን የሚያግደው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። እሱን የጂዛን ሙቀት ገደለው፣ መስመሩም አብሮ ሞተ።

ሰይድ ወደ ጂዛን አትክልት እስከሚጭነው መኪና ሸኘኝ። ሚስቱ ዘሃራ ባሕሩን ተሻግራ፣ ጦርነቱን አቋርጣ ድንበሩ ማዶ ደርሳለች። አሻጋሪዎቹ ስልክ ባዋሷት ቁጥር ሰይድን የምታገኘው በዚሁ በእኛ ኢንተርኔት ነበር።

«ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ይዘህ ና» አለኝ። «ደውላ ካጣችኝ የት ትወድቅብኛለች?»

«ኢንሻአላህ ማታ ታወራታለህ። አንተ ብቻ ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ጠብቅ።»

መንገድ

የመናዊው ሾፌር ከባሚያ ሳጥኖች ጀርባ አስተኝቶ ሸራ ጣለብኝ። ኢቃማ ያለው በአሥር ሪያል የሚሄድበትን መንገድ እኔን መቶ አስከፈለኝ። «ለመኪናው አይደለም፣ ለልቤ ድንጋጤ ነው» ይላል፣ አያፍርም! በሸራው ቀዳዳ የማሽላ ማሳ፣ ግመሎች፣ ወደ ደቡብ የሚነጉዱ የወታደር መኪኖች አያለሁ። ከድንበሩ በኩል መድፍ ባጓራ ቁጥር ሳጥኖቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሾፌሩ ራዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

ጂዛን

የአሮጌ ዕቃ ሱቁ ባለቤት ሽማግሌው አቡ ሳሊም ሦስት ማሽን ደረደረልኝ። አንደኛው ትልቅና ርካሽ ነው፤ ሲበራ ግን ጩኸቱ መንደር ይጠራል። ተደብቆ ለሚኖር ሰው ይሄ ምን ይሆነዋል? ሁለተኛው ማራገቢያ የሌለው ትንሽ ሳጥን፣ ትንፍሽ አይልም። ሦስተኛው ባለ አንድ ሰፊ ማራገቢያ፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይተካዋል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

«ደጅ አውጣልኝና ፀሐይ ላይ እናብራቸው» አልኩት።

«ያ ሐበሺ፣ በርበሬ መሰለህ የምታሰጣው?»

«ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ ኤሲ የለውም። ወላሂ ሳልፈትን አልገዛም።»

እየሳቀ ገመድ ዘረጋልኝ። ዝምተኛው ሳጥን ብዙም ሳይቆይ በሙቀቱ ጠፋ። ባለ ማራገቢያው ላይ አፍጥጬ ቁጭ አልኩ። ሾፌሩ ሊመልሰኝ መጥቶ ጥሩምባውን አንባረቀው፦ «ያላ!»

«ትንሽ ታገሰኝ፣ የከሰዓቱ ዐስር ሶላት ይድረስ።»

«ኸላስ፣ ሄድኩ» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። በሆዴ ረገምኩት። ማሽኑ እስከ ዐስር ሶላት ሳይንበረከክ ዋለ፤ ገዛሁት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በግ አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ፣ ሰርቨሬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተመለስኩ።

እርሻው

የቆርቆሮ ቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው የለም። ነጠላ ጫማዎች ቲማቲሙ መሃል ተበትነዋል። ተቆጣጣሪው ታንከሩ ሥር ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«የጀዋዛት ፖሊሶች ከዐስር በፊት መጡ» አለኝ። «ከየእርሻው ሁሉንም ጫኗቸው። በሰዓቱ ብትመለስ አንተም ከነሱ ጋር ነበርክ።»

«ሰይድስ?»

«ሰይድም። ወደ እስር ቤቱ፣ ከዚያ ወደ አገራችሁ።»

እጄ ሌላ ሥራ ስለማያውቅ ይሁን አላውቅም፣ ሰርቨሩን ገጥሜ አበራሁት። ሰዎቹ ከማሳ ሲገቡ ስልካቸው ራሱ ከመስመሩ ጋር ይያያዝ ነበር፤ ስክሪኑ በስማቸው ይሞላ ነበር። አሁን የእኔ ስም ብቻ ወጣ። ጉዞው ምን አስተማረህ ብትሉኝ፣ የሚበላሸው ማሽን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እሱን ስጠብቅ ዋልኩ።

ከዚያ ሁለተኛ ስም ወጣ። ሰይድ።

ዘልዬ ተነሳሁ። ስልኩ ፍራሹ ሥር ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። እንዳልኩት አድርጎ ጠብቆኝ ነበር። ሳነሳው ጠራ።

«ሰይዴ!» አለች ዘሃራ። «ተሻገርኩ፣ አልሐምዱሊላህ! እግሬ ቆስሏል እንጂ ደህና ነኝ። መጥተህ ውሰደኝ። ትሰማኛለህ?»

ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ አንዲት ቃል አልተቆረጠችም።

«ዘሃራ» አልኳት፣ «እኔ ሰይድ አይደለሁም።»