እየሳቀ የሚተኛው ኮንስታብል

ኢንስፔክተር ስርጉት ደብረ ታቦር ውስጥ ፖሊሶችን የምትመረምር ፖሊስ ናት። ሻይ ቤት ስትገባ ባልደረቦቿ ወሬ ያቆማሉ፤ ለምዳዋለች። የእብናት ገበሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ ጥያቄ ስለምታበዛ እናቷ «አንቺስ የትኛዋ ዶሮ እንደጣለችው ሳትጠይቂ እንቁላል አትበይም» ይሏት ነበር።

ባለፈው ዓመት የኮንስታብል እንዳልካቸው ጉዳይ ደረሳት። ጥበቃ ላይ ተኝቶ ሁለት ጊዜ ተቀጥቷል። በሦስተኛው ግን ነገሩ ከፋ። አቶ እሸቴ የሚባሉ በከብት ስርቆት የተጠረጠሩ ሽማግሌን ፀሐይ እንዲሞቁ በረንዳ ላይ አውጥቷቸው ሳለ እሱ ተኛ፤ እሳቸው ወጥተው ሄዱ። በማግስቱ ጋፋት አጠገብ ተያዙ። እንዳልካቸው አልተከራከረም፤ «አረቄ ጠጥቼ ነበር» ብሎ ፈረመ። መሰናበቱ የማይቀር መሰለ።

ስርጉትን የከነከናት ይህ ነበር። በሥራ ዘመኗ ማንም ሳይጠይቀው ጠጣሁ ያለ ፖሊስ አይታ አታውቅም። አብረውት የዋሉትን ብትጠይቅ አረቄ ሸተተኝ ያለ የለም። ስለዚህ ያመለጡትን ሰው ልታናግር ሄደች።

«አያ እሸቴ፣ ለምን ሸሹ?»

«ገደልሁት ብዬ ነዋ» አሉ ሽማግሌው።

ስለ አንዲት እልኸኛ በቅሎ ያጫውቱት እንደነበር ነገሯት። እንዳልካቸው ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ጉልበቱ ከዳውና በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ቢጠሩት አልመለሰም። ደንግጠው እግሬ አውጪኝ አሉ።

ስርጉት ወደ እንዳልካቸው ቤት አመራች። ባለቤቱ ማሬ በር ከፈተችላት። ባሏ መጠጥ ቀምሶ እንደማያውቅ፣ በልጃቸው ክርስትና ዕለት ሰው ሲያስቀው ከነወንበሩ እንደወደቀ ተናገረች። ጠበል እንሂድ ብትለውም እንቢ ብሏታል።

ስርጉት እንዳልካቸውን ለብቻው ጠርታ፣ ያልጠጣኸውን ለምን ጠጣሁ አልህ አለችው።

«ሰካራም ይመከራል፣ ይመለሳል» አለ። «ልክፍት አለበት ከተባልሁ ግን ነገ ልጄን ማን ያገባታል?»

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይህን ሲሰማ፣ አይተን እንመን አለ። ስርጉት ራሷ ቀልድ ሞከረች፤ እንዳልካቸው በአክብሮት ፈገግ ብቻ አለላት። አቶ እሸቴ ተጠሩ። የበቅሎዋን ነገር ሲጀምሩ ቀድመው የሳቁት የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። ቀጥሎ እንዳልካቸው ሳቀ፤ ወዲያው አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፣ እጁም ከጠረጴዛው ተንሸራተተ። የኮሚቴው አባላት እየተጯጯሁ ከበቡት። ወደ ራሱ ሲመለስ «ያላችሁትን ሁሉ ስሰማ ነበር፤ መነሳት ነው ያቃተኝ» አላቸው።

የመረመረው ሐኪም የታወቀ የእንቅልፍ ሕመም መሆኑን፣ በመድኃኒትም እንደሚቀል አስረዳ። ስንብቱ ቀረ። መርማሪን በመዋሸቱ ግን ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ጠመንጃውን አስረክቦ አቤቱታ ተቀባይ ሆነ። ሲያስረክብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስርጉት ፊቷን አዞረች።

ማሬ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አላስቀረችበትም። ከባልደረቦቹ መካከል ግን «እሰይ፣ አረቄውን ተወ» እያሉ የሚያመሰግኑት ዛሬም አሉ። አንድ ቀን ስርጉት ይህን ሰምታ ልታርማቸው አፏን ስትከፍት እንዳልካቸው በዓይኑ ለመናት። ዝም ብላ አለፈች።