ናሙና በሚወሰድበት ቀን ብቻ ንጹሕ የሚሆን ውሃ

ሰፈሩ «እትዬ ናሙና» ይላታል። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አላት፤ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ስትፈርም ትጽፈዋለች፣ ከዚያ ውጪ ግን የሚያስታውሰው የለም። ሥራዋ ከየመንደሩ ቦኖ ውሃ በትንሽ ጠርሙስ እየቀዳች ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቀድታለች። ሌላ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ቢቀዳ ቢያንስ አንድ በርሜል ይሞላ ነበር፤ የእሷ ተመርምሮ ይደፋል።

አሠራሩን እጇ ያውቀዋል፣ እሷን አይጠይቃትም። ጥጥ በአልኮል ይነከራል፣ በመቆንጠጫ ተይዞ ይለኮሳል፣ የቧንቧው አፍ በእሳቱ ይለበለባል። ውሃው ጥቂት ይፈሳል። ጠርሙሱ ይከፈታል፤ ክዳኑ መሬት አይነካም፣ ጣት አፉን አይነካም። ይሞላል፣ ይዘጋል፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአውቶቡስ ትሄዳለች። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «አይስክሬም ነው?» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። ቀጥሎ ትናደድ ጀመር። አሁን «አልቋል» ብላ መስኮቱን ታያለች።

አፍንጫዋ ካሸተተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አልኮሉ ይሁን ክሎሪኑ ወይስ አንድ ክረምት ይዟት የከረመው ጉንፋን፣ ሐኪሙም አላወቀም። መጀመሪያ የሳሙና ሽታ ሄደ፣ ቀጥሎ የዳቦ፣ ከዚያ የባሏ። ባሏም ራሱ ሽታውን ተከትሎ ሄደ። ስለ የትኛውም ብዙ አላለቀሰችም፤ በማግስቱ የሚለበለብ ቧንቧ ነበረ።

ታላቅ እህቷ ከከተማው ዳር፣ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ቦይ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ትኖራለች። ታናሺቱ «እታለም» ትላታለች፣ ከልጅነት ጀምሮ። እታለም በአንድ ዓመት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ ታናሺቱን ኮሪደር ላይ ነጥሎ አነጋግሯት ነበር፦ ታይፎይዱ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተመለሰ አንጀቷ ሊበሳ ይችላል፣ ከተበሳ ደግሞ እሱ ቃል የሚገባው ነገር የለም። ይህን ከሰማች ሁለት ሳምንት አልፏል። ለእህቷ አልነገረችም። እንዳታስደነግጣት ብላ አይደለም፤ ከአፏ ሊወጣ አልፈለገም፣ እሷም አልጎተተችውም።

እሑድ ጠዋት የእህቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬስ እንዴት አደርሽ?»

«ጨጓራዬ ነው» አለች እታለም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«ወረቀቱ ታይፎይድ ይላል።»

«ወረቀት ያሻውን ይበል። ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ግድግዳው ስስ ነው።»

በዚያ ጎዳና ላይ ታይፎይድ የሚባል በሽታ የለም። ጨጓራ ግን በየቤቱ አለ። ሕፃኑ ጨጓራ ያመዋል፣ ሽማግሌው ጨጓራ ያመዋል፣ አምና የሞተችውም በጨጓራ ነው የሞተችው። ታይፎይድ የቆሻሻ ቤት በሽታ ነው ተብሎ ተወስኗልና፣ ቤቷን በቀን ሁለቴ የምትጠርግ ሴት እንዴት ትታመመው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ለጎረቤቱ ነው።

«ማክሰኞ ትመጫለሽ አይደል?» አለች እታለም፣ ትኩሳቱ ውስጥ ሆና ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «የናሙና ቀን መልእክቱ ሰኞ በስልካችን ይደርሰናል እኮ። አታስቢ፤ እንዳለፈው አሳምረን ነው የምንጠብቅሽ።»

«ምኑን ነው የምታሳምሩት?»

«ሮቶውን ነዋ! ውሃው ከቧንቧው መጥቶ የሚጠራቀምበትን። በረኪና እንጨምርበታለን። ሁለት ሙሉ ጠርሙስ። አናቱ ላይ ወጥቼ የማፈሰው እኔ ነኝ። የገዛ እህቴ ልትመጣ ሌላ ሰው ያፍስሰው?»

«ከዚያ ትጠጡታላችሁ?»

«አብደሻል እንዴ! በዚያ ሽታ? ቀድመን ቀድተን ቤት እናስቀምጣለን። የተበረዘው በሁለት ቀን ፈስሶ ያልቃል።»

ጎዳናው በወር አንድ ቀን ብቻ ንጹሕ ውሃ አለው፤ ያን ቀን ደግሞ ማንም አይጠጣውም። የሚጠጣው የእሷ ጠርሙስ ነው።

ያለፉትን ሁለት ናሙናዎች አስታወሰች። ክሎሪን መለኪያው ክኒን ሲሟሟ ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ መሆን ይገባዋል። ያን ጊዜ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ደምቆ ነበር። አላየችም አይባልም። አየች፣ መሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ፈንታ የሰጣት ታብሌት ላይ ሞላች፣ ታብሌቱ የሚስቅ አረንጓዴ ፊት አሳይቶ «እጅግ በጣም ጥሩ» አላት፣ አለፈች። ታብሌት ክሎሪን ሲያንስ እንዲጮህ ተነግሮታል፤ ሲበዛ ምን እንደሚል የነገረው የለም። እሷም አልነገረችውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ደንብ አለ፦ በአንድ መስመር ላይ ሦስት ተከታታይ ናሙና ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ መስመሩ ከጥገና ዝርዝር ይወጣል። የእታለም ጎዳና ቧንቧ ያረጀ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ዓመታት ሆኖታል። ሁለቴ ንጹሕ ተብሏል። የማክሰኞው ሦስተኛው ነው። ማክሰኞ ንጹሕ ከወጣ ያን ቧንቧ የሚነካው አይኖርም፣ እታለምም ከዚያው ትጠጣለች፣ አምስተኛው ይመጣል።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገባች። ኃላፊው በግድግዳው ላይ የከተማውን ካርታ የሰቀለ ሰው ነው። ንጹሕ መስመር አረንጓዴ፣ ቆሻሻ መስመር ቀይ ነው። ሌላው ሰው የልጆቹን ፎቶ የሚያየውን ያህል እሱ ካርታውን ያያል።

«ለነገ የሚላከውን መልእክት አስቀሩልኝ» አለችው።

«ግልጽነት ነው እኮ እትዬ። ሕዝብ የማወቅ መብት አለው።»

«ሕዝቡ አውቆ ሮቶውን በበረኪና እያጠበ ነው።»

ኃላፊው ፊቱ በራ። «ታዲያ ግንዛቤው አደገ ማለት ነዋ!»

«ናሙናው የውሸት ነው የሚሆነው።»

«ክሎሪን አለው የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያው ምን ፈለግሽ? ደግሞ መልእክቱን እኔ አይደለሁም የምልከው፣ ራሱ ነው የሚሄደው። ያበጀው ባለሙያ የይለፍ ቃሉን ይዞ ሥራ ለቋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛም እንዴት እንደሚጠፋ አናውቅም።»

በሌላ ቀን ልቅዳው ብትል ታብሌቱ ቁጥር አይሰጣትም፤ ቁጥር የሌለውን ጠርሙስ ላቦራቶሪው አይቀበልም። ድሮ እርሳስና መዝገብ በነበረ ጊዜ እግሯ ባመራት ቦታ ትቀዳ ነበር። ያን ጊዜ ኋላ ቀር ይባሉ ነበር። አሁን ዘምነዋል፦ ሌባው መቼ ፍተሻ እንደሚመጣ በስልኩ ይነገረዋል። ጎዳናው ሌባ አይደለም እንጂ! ሌባስ ቢሆን አፍሮ ይደብቅ ነበር፤ እነሱ ግን ለክብሯ ብለው ነው።

መልእክቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ይል ነበር። እሷ ማክሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። እነሱ ግን ቀድመዋታል። ሮቶው የቆመበት የሲሚንቶ መደብ ዙሪያውን ተጠርጓል፣ ባልዲና ጀሪካን በመስመር ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ነጠላ ጫማቸውን አጥበው ቆመዋል። መሰላሉ ላይ እታለም አለች። ትኩሳቷ ሳይለቃት፣ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ አራተኛው እርከን ላይ። ባለ ሱቋ ከታች ሆና የበረኪናውን ጠርሙስ ታቀብላታለች። በረኪናው ከራሷ ሱቅ ነው፤ ለዚህ ቀን በነፃ ትሰጣለች፣ ጽድቅ ነው ብላ።

«ውይ፣ ቀደምሽብን!» አለች ባለ ሱቋ። «እንግዳ እንዲህ ይመጣል? ቤት ሳይሰናዳ!»

«እታለም፣ ውረጂ።»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ አንዴ ላፍስሰውና።» የበረኪናውን ክዳን ከፍታለች።

«አታፍስሺው።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ቆሻሻ ነው ቢባል ሰው ምን ይለናል? የእትዬ ናሙና እህት ሰፈር ገማ ይበሉሽ?»

«ይበሉኝ።»

«አንቺ እሺ፣ እኛስ?» አለች ባለ ሱቋ። «እኛ አንገት የለንም?»

እታለም እጇን ወደ ሮቶው አፍ ዘረጋች። እትዬ ናሙና መሰላሉን አልነቀነቀችም፣ አልጮኸችም። የጠርሙስ ቁጥር በምታነብበት ድምፅ ተናገረች።

«አንቺ ጨጓራ የለብሽም። ታይፎይድ ነው። ዘንድሮ አራተኛሽ ነው። ሐኪሙ አምስተኛው ከመጣ አንጀትሽ ይበሳል ብሎኛል፤ ትሞቻለሽ። የምትጠጪው ከዚህ ነው።»

የአንድ ባልዲ እጀታ ወድቆ ቀጭ አለ። ሴቶቹ እታለምን ሳይሆን መሬቱን አዩ። አንዷ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች። ማንም ያልጠየቃት ባለ ሱቅ «የእኔስ የምር ጨጓራ ነው» አለች።

እታለም እጇን ከሮቶው አፍ መለሰች። ከዚያ አንድ እርከን ወረደች። ሁለተኛውን። እግሯ መሬት ሲነካ በረኪናውን መደቡ ላይ አስቀመጠችና ክዳኑን አጠበቀችው፤ እንዳጠበቀችው ቆማ ደግሞ አጠበቀችው።

«ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። ወደ ቤቷ ገባች። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲወረወር ውጪ ድረስ ተሰማ።

ጥጡ ተነከረ፣ ተለኮሰ። ውሃው ጥቂት ፈሰሰ። ጠርሙሱ ተከፈተ፣ ሞላ፣ ተዘጋ። እጇ አልተንቀጠቀጠም። መንቀጥቀጥ ነበረበት ብላ አሰበች፣ በኋላ፣ አውቶቡስ ውስጥ።

ሐሙስ ውጤቱ ወጣ። የላቦራቶሪው ሰው የምርመራውን ሳህን ወደ ብርሃን አነሳው። ጀርሞቹ እንደ ተደፋ ማሽላ ተነጥፈው ነበር፤ መቁጠሩን ተወው።

«ይሄን ከየት ነው የቀዳሽው? ከሽንት ቤት?»

«ከእህቴ ሰፈር።»

ሰውየው ይቅርታ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

ታብሌቱ ቀይ ፊት አሳየ፤ ራሱም ለጎዳናው ሁሉ መልእክት ላከ፦ «የአካባቢዎ ውሃ ለመጠጥ ብቁ አይደለም። እጅዎን ደጋግመው በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ።» በየትኛው ውሃ እንደሆነ አልገለጸም። ኃላፊው ካርታው ላይ ያለችውን ቀይ መስመር እያየ ሲያዝን ዋለ። ጎዳናው ደግሞ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም፦ ሁለቴ ንጹሕ የነበረ ውሃ ነው፤ ያቺ ሴትዮ ያን ቀን ምን እንደጨመረችበት እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። የሰው በሽታ በአደባባይ የምታወጣ ሴት ውሃ ብታቆሽሽ ምን ይደንቃል?

ቦኖው ታሸገ። ሴቶቹ ከሁለት ጎዳና ማዶ ጀሪካን ተሸክመው ስድስት ሳምንት ተመላለሱ፤ በየመመላለሱም ረገሟት። በሰባተኛው ሳምንት ቆፋሪዎች መጡ። ቧንቧው አርባ እርምጃ ያህል ቦዩ ውስጥ፣ ጥቁሩ ውሃ ሥር፣ ተጋድሞ ተገኘ። ሦስት ቦታ ተቀድዶ ከብስክሌት ጎማ በወጣ ላስቲክ ታስሯል፤ ማን እንዳሰረው የሚያውቅ የለም። ሰፈሩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ አየ።

«እኔ እኮ ድሮም እጠረጥር ነበር» አለች ባለ ሱቋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አዲሱ መስመር ከቦዩ ርቆ በጎዳናው ወዲያኛው ጠርዝ ተዘረጋ። ሰፈሩ ለቆፋሪዎቹ ሻይ አፈላ። ለእትዬ ናሙና ማንም ምንም አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ይኸው አራት ወር ሆነው። እታለም አልታመመችም። ዳነች። እሑድ እሑድ ታናሺቱ ስትመጣ በሩን ትከፍትላታለች፣ ወንበር ትስብላታለች፣ ሻይ ትቀዳላታለች፣ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ታወራታለች። «እርስዎ» ትላታለች፤ በዕድሜ ሰባት ዓመት የምትበልጣት እህቷ። ጉንጯ ሞልቷል። ባለፈው እሑድ ሁለት ዳቦ በላች፣ ሦስተኛውን አነሳች። እትዬ ናሙና አየቻት። በሕይወት አለች ብላ አሰበች። ይህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን ታውቃለች፤ ሰው የሩቅ አገር ዋና ከተማን እንደሚያውቀው።

ስትወጣ እታለም እስከ በሩ ሸኘቻት። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ድሮው አናገረቻት።

«ጆሮዬ ላይ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? መሰላሉ ላይ ወጥተሽ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ?»

በሩ ተዘጋ።

አውቶቡሱ እስኪሞላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አሰበችበት። በጆሮዋ ብትነግራት እታለም «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» ብላ በረኪናውን ታፈስሰው ነበር። ወይም አታፈስሰውም ነበር። እህት ናት፤ ምናልባት ትሰማት ነበር። አልሞከረችም። ሊሞከር የሚችል ነገር መሆኑ ትዝም አላላት። አውቶቡሱ ሞላና ሄደ።