ጥይት የማያስቆም ዛፍ

ግንቦት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የወሰድኩት ከእጅ ሰዓቴ ነው። ናዝሬት በሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀር ስለነበር አላመንኩትም።

በዚያች ደቂቃ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የሕዝቡ ቴሌቪዥን የሚቀመጥበትን የእንጨት ሣጥን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከታሰረ አራተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ወደ ቤቱ መሄዱ ወይም ሰኞ ጠዋት ወደ አውራጃው መላኩ በዚያ ቴሌቪዥን ላይ በምናየው ነገር የሚወሰን ነበር። ወደ አውራጃው የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግር ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ባለቤቴ ምሳውን በየቀኑ ታመላልሳለች፤ ጠባቂው ደብዳቤ ተደብቆ እንዳይሆን ወጡን በእንጨት እያማሰለ ያስገባላታል። እሷም ወደ ቤት ስትመለስ ስለ ወንድሟ ሳይሆን ስለዚያ እንጨት ንጽሕና ትናገራለች። ስለ ወንድሟ መናገር ስላቃታት ይመስለኛል።

የወንድሟ ጥፋት የሚከተለው ነው። በአሰብና በሞጆ መካከል ተሳቢ ይነዳ ነበር። አሰብ ወደብ ላይ ከአንድ የባዕድ አገር መርከበኛ ጋር ተዋውቆ፣ በሁለት ጆንያ የመርቲ ብርቱካን አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ማሽን ለወጠ። ማሽኑ የትልቅ መዝገበ ቃላት ያህል ሆኖ፣ እንደ መኪና ማርሽ የሚወዛወዝ እጀታና አንድ ቀይ ቁልፍ ነበረው። ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ ጫካ ይታያል። በጫካው ውስጥ አንድ ወታደር ይሄዳል፤ ሌሎች ወታደሮች ከዛፍ ኋላ እየወጡ ይተኩሱበታል፤ እጀታውን የያዘው ሰው ያንን አንዱን ወታደር እየመራ መልሶ ይተኩሳል። ዛሬ ይህንን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ማሽኑ» ነበር የምንለው።

አማቼ ለዓመታት የሞተር ጩኸት ስለሰማ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ስለዚህ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የቤቱን ቴሌቪዥን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ተጫወተ። የተኩሱ ድምፅ እስከ ባቡር ጣቢያው መንገድ ተሰማ። የአብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አቀባብለው ገቡ፤ ያገኙት በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫካ ውስጥ የሚዋጋ ሾፌር ነው። በክሱ ላይ «ያለ ፈቃድ የጫካ ውጊያ ማሰልጠኛ መሣሪያ ይዞ መገኘት» ተብሎ ተጻፈ። በ1979 ዓ.ም. «ጫካ» እና «ውጊያ» የሚሉት ቃላት በአንድ ሰው ስም አጠገብ ሲጻፉ ምን ያህል እንደሚከብዱ ያ ዘመን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

አውራጃው የቴክኒክ ኮሚቴ መርምሮ ቃለ ጉባኤ እንዲልክ አዘዘ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሊቀመንበሩ፣ በገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ እና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር የነበርኩት እኔ። የተመረጥኩት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ስላለኝ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «ሥራ ከመጀመራችን በፊት ተጠርጣሪው የባለቤቴ ወንድም መሆኑ በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ።»

«ለምን ይያዛል?» አለ ሊቀመንበሩ። «እኔስ የሰውየው ልጅ ክርስትና አባት አይደለሁም እንዴ? ደግሞ ይሄም አይጻፍ።»

ሁለታችንም ወደ ጠጋኙ ዞርን።

«እኔ ዘመድ አይደለሁም» አለ ጠጋኙ የአንቴናውን ሽቦ በጥርሱ እየላጠ። «ሬዲዮኑን አራት ጊዜ ሠርቼለታለሁ። ከዘመድ ይብሳል አቦ!»

ሊቀመንበሩ የክርስትና ልጁን አባት ለምን እንዳሰረው አልጠየቅሁትም። ጠባቂዎቹ በአደባባይ ይዘው ካመጡት በኋላ መልቀቅ ከማሰር የበለጠ ፊርማ ይጠይቅ ነበር።

ጠጋኙ በካቻቢቴው ሁለት ብሎኖች ፈታ፣ ሽቦውን አሰረ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። መጀመሪያ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ መጣ። ቀጥሎ ጫካው ወጣ።

«ማል ኩን!» አለ ጠጋኙ ተገርሞ፤ በኦሮምኛ «ምንድን ነው ይሄ» ማለቱ ነው። የገዛ ሥራው ሲሠራለት ሁልጊዜ ይደነቅ ነበር።

የቀበሌው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ጫካው ግራጫ ነበር። እኔ «የጫካውን ቀለም ማረጋገጥ አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩ።

«ቦታው የት ነው?» ሲል ሊቀመንበሩ ጠየቀ።

«የትም አይደለም። ሰው የሣለው ነው።»

«ጓድ መምህር፣ የትም ያልሆነ ጦር ሜዳ ወደ አውራጃ አይላክም። ቦታ ይጠይቁኛል።»

«እንግዲያው ‹በአገራችን የማይገኝ ዓይነት ጫካ› ብለን እንጻፍ። ዛፎቹ ዘንባባ ናቸው።»

«ጠላትስ የቱ ነው?»

«ከላይ የሚመጡት ናቸው።»

«ባንዲራ አላቸው?»

ሦስታችንም ወደ መስታወቱ ተጠግተን ፈለግን። ባንዲራ አልነበራቸውም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጠጋኙ።

ለአንድ ተጫዋች ማሽኑ የሚሰጠው ሦስት ወታደር ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል፤ ሦስቱም ካለቁ ጨዋታው ያበቃል። ሊቀመንበሩ እጀታውን ያዘ። ሊቀመንበሩ ከሚሊሺያ ጋር በምሥራቅ ግንባር ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ስለዚያ ግን እስከዚያ ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እጀታውን እንደያዘ አቀማመጡ ተለወጠ፤ ትከሻው ዝቅ አለ፤ ትንፋሹን ያዘ። ወታደሩን በቀጥታ ወደ አንድ ወፍራም ግንድ ኋላ ወስዶ አቆመው። አልተኮሰም። ጠላት እስኪቀርብ ጠበቀ።

ጥይቱ በግንዱ ውስጥ አልፎ ወታደሩን ጣለው።

«ምን ሆነ?» አለ። «ከዛፍ ኋላ ነበርኩ እኮ!»

«ያልፋል» አለ ጠጋኙ። «ዛፉ ሥዕል ነው ጓድ።»

«ጠላቱስ ሥዕል አይደለም?»

ሊቀመንበሩ ሁለተኛውን ወታደር ከፊተኛው ወደሚወፍር ዛፍ ወሰደው፤ እንደገና አደፈጠ፤ እንደገና በዛፉ ውስጥ አልፎ መታው። ሦስተኛው ወታደር መጣ። ሊቀመንበሩ በዚህ ጊዜ እጁን ከእጀታው አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወታደሩ በገላጣው ቦታ ብቻውን ቆመ። ሦስታችንም እስኪወድቅ ድረስ ተቀምጠን አየነው።

«እኛ ዘንድ ዛፍ አልነበረም» አለ ሊቀመንበሩ ድምፁን ሳይለውጥ። «አንዲት ግራር ስናገኝ ለአምስት እንካፈላት ነበር። ያችን ግራር ያገኘ ተረፈ።» ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህር፣ ጻፍ። በዚህ ማሽን የሠለጠነ ሰው ዛፍ አይከልልም ብሎ ይማራል። በመጀመሪያው ቀን ይሞታል። ጠላት ቢሠለጥንበት ደስ ይለናል፤ ማሰልጠኛ ግን አይደለም። መጫወቻ ነው።»

በሕይወቴ ካነበብኳቸው የቴክኒክ ማስረጃዎች ከዚያ የሚበልጥ ጥቂት ነው ያየሁት። እኔ ስለ ኤሌክትሮን ጨረርና ስለ መስታወቱ ፎስፈር ሦስት አንቀጽ አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር፤ ሁሉንም ሰረዝኩት።

ጥፋቱ የእኔ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማርነው ድምዳሜን ማስቀደም፣ የምርመራውን ዝርዝር ማስከተል ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ማሽኑ መጫወቻ መሆኑን ከነምክንያቱ ጻፍኩ። በሁለተኛው ገጽ የተመለከትነውን በየደቂቃው ዘረዘርኩ፤ በግርጌው ሦስታችን ፈረምን፤ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መታበት። በቀበሌው አሠራር ወደ አውራጃ የሚላከው ማኅተም ያረፈበት ገጽ ብቻ መሆኑን፣ ሌላው በፋይል እንደሚቀር አላወቅሁም ነበር። ሊቀመንበሩ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እንደ ማንኛውም ቃለ ጉባኤ በመጨረሻ ላይ ነው ብሎ አምኖ ላከው።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችንም ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተጠራን። አንድ መነጽር ያደረገ ኃላፊ ወረቀቱን አንሥቶ፣ ተቀመጡ ሳይል፣ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«‹ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት፦ በጓድ ሊቀመንበር የሚመራው የመጀመሪያው ወታደር በጠላት ተኩስ ሞተ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አራት፦ ሁለተኛው ወታደር በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሰባት፦ ጓድ ሊቀመንበር አመራሩን በማቋረጡ ሦስተኛው ወታደር ሞተ። ኮሚቴው ሁኔታውን ተቀምጦ ተመለከተ።›»

ቀና ብሎ አየን።

«ወታደር ማን ሰጣችሁ?» አለ። «ሬሳውስ የት ነው?»

በክፍሉ ውስጥ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቀጫቀጭ ይሰማ ነበር። ከአማቼ ይልቅ ስለ ራሴ የፈራሁበት አጋጣሚ ይህ ብቻ መሆኑን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ትክክል ነው፤ ልክድ የምችለው አንድም ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

«ጓድ፣ የመጀመሪያ ገጽ አለው» አልኩ።

«ሦስት ሰው የሞተበት ጉዳይ መጀመሪያ ገጹ ላይ ምን ሊኖር ይችላል?»

«እንዳልሞቱ ነው የሚለው» አለ ጠጋኙ።

ኃላፊው ያ ገጽ እንዲመጣ አዘዘ። ከዚያ አንድ ዘብ ተጨምሮለት ጠጋኙ በጋሪ ወደ ቀበሌው ተላከ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ቆየ። እኔና ሊቀመንበሩ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመን ጠበቅን። ውጪ የፈረሱ ኮቴ ሲሰማ ሊቀመንበሩ በአፍንጫው አየር ሳበ፤ እስከዚያ ድረስ መተንፈሱን ማቋረጡን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ኃላፊው የመጀመሪያውን ገጽ ቆሞ አነበበ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ።

«ዛፉ እውነት አያስቆምም?» ሲል ሊቀመንበሩን ጠየቀው።

«አያስቆምም ጓድ።»

«ምንም ያህል ቢወፍር?»

«ሁለት ዛፍ ሞክሬያለሁ።»

የኃላፊው ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ጉንጮቹን ነፋ፤ ለመቆጣት ያሰበ መሰለ። ሳቁ ግን ቀደመው። ሳቀ፤ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ፤ ከጎረቤት ክፍል የታይፕ ድምፅ ተቋረጠ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ በገጹ ዳር «ሰውየው ይለቀቅ፤ ዕቃው በቀበሌው ይቆይ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱንም ገጾች በስቴፕለር አያይዞ ሲመልስልኝ «መምህር» አለኝ፣ «ከእንግዲህ ሰው ሲሞት ቶሎ ንገረን፣ ሰው ሳይሞት ደግሞ ቶሎ ንገረን።»

በመመለሻው ሦስታችንም በአንድ ጋሪ ተጫንን። የናዝሬት የግንቦት ሙቀት ነበር፤ አቧራው በፈረሱ እግር ሥር ይነሣል፤ ቢሆንም ያን ያህል ቀዝቃዛ አየር ወደ ደረቴ ገብቶ አያውቅም። ጠጋኙ አንዴ «ሬሳውስ የት ነው!» ይልና ይንከተከታል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ክብሬን ጠብቄ የምሄድ ሰው ነበርኩ፤ በጋሪ ላይ ጮክ ብዬ ስስቅ ተማሪዎቼ ቢያዩኝም ግድ አልሰጠኝም። ሊቀመንበሩ ሌላውን ወገን እያየ ፈገግ አለ።

የዕቃ ክፍሉ በር የተከፈተው አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። አማቼ ጢሙ አድጎ፣ በብርሃኑ ዓይኑን እያጨናበሰ ወጣ። እኅቱ በሁለት እጇ ፊቱን ይዛ አገላብጣ አየችውና እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ቀጥላ ስለ ጠባቂው እንጨት ነገረችው። እሱ ግን በእሷ ትከሻ አሻግሮ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ እስከ የት ደረሳችሁ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጨዋታውን ነዋ።»

«ሦስቱም ሞቱ» አልኩ።

«ወንዙን ሳትሻገሩ?»

«ወንዝ አላየንም።»

«ውይ ጋሼ» አለ፣ የጆሮው ነገር ሆኖበት መንደሩ በሙሉ እንዲሰማ እየጮኸ፣ «ሰው ወንዙ ጋ ሳይደርስ ይሞታል?»

ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ያዘችው። ሊቀመንበሩ ሳይሰማ እንዳልቀረ አውቃለሁ፤ ቁልፎቹን እየቆጠረ ወደ ውስጥ ገባ። እኛም በቀስታ ወደ ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ አማቼ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሰማዩን አየ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በቤታችን ውስጥ ማንም ምንም አልሠራም፤ በሩ ተከፍቶ ዋለ።

ሁለት ነገሮች ሳይታወቁ ቀርተዋል። ማሽኑ በዚያው ሰኞ በሞዴል 19 ወደ ቀበሌው ዕቃ ክፍል ገቢ ሆኗል፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ንብረቱ ሲቆጠር አልተገኘም፤ ወጪ የሆነበት ሞዴል 22ም አልተገኘም። እንዲሁም ሊቀመንበሩ ሦስተኛውን ወታደር ለምን እጁን አንሥቶ እንደተወው አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። በቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነው።