ግራናን የማታውቀው መንገድ ነጋሪ

መኪና ያለው ሁሉ ስለዚያች መንገድ ነጋሪ ዕቃ ይጠይቀኛል፤ «ትጠቅማለች ወይስ አትጠቅምም?» ይለኛል። ከእሷ ጋር ግማሽ ቀን የዋልን ሽማግሌዎች እኔና አንድ ወዳጄ ብቻ ስለሆንን ይሆናል። ጥሩዋንም መጥፎዋንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ያመጣት የእህቴ ልጅ ነው፤ ጂዳ ሾፌር ሆኖ ኖሮ ሲመለስ ይዟት መጣ። መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ናት። የመኪናው መስታወት ላይ በጎማ ትለጠፋለች፤ መሄጃውን ሲነግሯት በሴት ድምፅ እያዘዘች ትመራለች። የምታወራው ግን ዓረብኛ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀን አፏን ስትከፍት ዱዓ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።

«አጎቴ፣ ‹ወደ ቀኝ ታጠፍ› ነው ያለችው» አለኝ ልጁ።

ቢሆንም አሚን ማለት አይጎዳም።

ያን ቀን የምንሄደው ግራና ነበር፤ ለዚሁ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ። ሽማግሌዎቹ እኔና የጉባ ላፍቶው ክርስቲያን ወዳጄ ነን፤ ሾፌሩ ራሱ አግቢው። አግቢ የራሱን ሽማግሌ ጭኖ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ ግን መንዳት የሚችል ሌላ ሰው አልነበረንም። የልጅቷ አባት የላኩት ቃል አጭር ነው፦ «ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በፊት ከደረሳችሁ እሰማችኋለሁ። ከሶላት በኋላ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይገባሉ።»

ጠቡ የተነሳው ገና ከወልድያ ሳንወጣ ነው።

«እሷን አጥፋት፤ የግራናን መንገድ እኔ አሳይሃለሁ» አልኩት።

«አይልፉ አጎቴ። እሷ እያለች ሰው አይጠየቅም።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ግራና ገበያ ከብት ስነዳ እሷ የት ነበረች?»

«እሷ እኮ ሰማይ ላይ ሆና ነው የምታየው።»

ይሄ አበገነኝ። «እንግዲያስ ወላሂ፣ ግራና እስክንገባ ስለ መንገድ አንዲት ቃል አልተነፍስም!» አልኩ።

መሃላችን የተቀመጠው ወዳጄ «አለቀልን» አለ።

እስከ ሲሪንቃ በጎ ነበረች፤ እውነቱን ልናገር። ልጁ ሲፈጥን ጢጥ ጢጥ እያለች ትቆጣዋለች። አይርባትም፣ አይጠማትም፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ዘር አትቆጥርም። ያለችውን ሳይሰሟት ሲቀሩ አታኮርፍም፤ ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። እኔ ብሆን ከመኪናው እወርድ ነበር።

ክፋቷ ሰላምታ አለማወቋ ነው። እኛ አገር ሰው መንገድ ሲጠይቁት ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ነው አቅጣጫውን የሚናገር፤ በዚያው ወንዙ መሙላት አለመሙላቱን ትሰማለህ። እሷ ስለ ወንዝ አታውቅም። ሌላው፣ መርሳ ስንደርስ ሙቀቱ ጎማዋን አላቀቀውና ወዳጄ ጭን ላይ ወደቀች። ወድቃም ማዘዝ አልተወችም። እንደ ሕፃን ታቅፏት ሄደ።

ከመርሳ ወጣ እንዳልን የግራናው መገንጠያ መጣ። አየሁት። እሷ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። አለፍነው።

«ምን ሆነሃል? ላብ ጠመቀህ» አለኝ ወዳጄ።

«ምንም።»

«ለመሆኑ መንገዱ ይሄ ነው?»

«ስለ ዝናብ አውራ።»

ጥቂት እንደሄድን በጋሪ መንገድ አስገባችን፤ ከጋሪው መንገድ ወደ መስኖ ቦይ ዳር፤ ከቦዩ ዳር ሽንኩርት ማሳ ውስጥ። እዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ልጁ አንገቱን ደፋ።

«‹ደርሳችኋል› ነው የምትል።»

ወረድን፤ እስከ ጉልበታችን ጭቃ። አንድ ገበሬ አካፋ ይዞ ውሃ ያጠጣል። ለካ ከጎረቤቱ ጋር በውሃ ተራ ተጣልቶ ኖሯል። ሁለት ሽማግሌ ጋቢ ለብሰን፣ ከዘራ ይዘን ስንቆም ለእርቅ የመጣን መሰለው።

«አልታረቅም! ተራዬን ነው የነጠቀኝ! እናንተንም የላካችሁ እሱ ነው!»

«እኛን የላከችን ሴት ናት» አልኩ።

«አሃ! ደግሞ ሚስቱ ናት የላከቻችሁ?»

ሽማግሌ ደግሞ ጠብ እያየ ጥሎ አይሄድም፤ ነውር ነው። ጎረቤቱን ከማዶ ጠራነው፣ ሁለቱንም ሰማን፣ ገሠጽን፣ ተራቸውን ለየን፣ አስታረቅን። ቀና ስል ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ልጁ የመኪናው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል።

«አጎቴ፣ ለሌላ ሊሰጧት ነው» አለኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «ተነስ። መገንጠያውን አልፈነዋል።»

«መቼ?»

«ከመርሳ እንደወጣን። አይቼዋለሁ።»

ወዳጄ ከዘራውን አነሳ። «አይተህ ነው ዝም ያልክ?»

«ምያለሁ እኮ!» አልኩ። መሐላዬን ስላፈረስኩ አሥር ድሃ አበላለሁ ብዬ ለአላህ ነገርኩና መንገዱን በከዘራዬ እያሳየሁ ግራና አስገባኋቸው።

አባትየውን ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ውሃ ይዘው ደጃቸው ላይ አገኘናቸው። ልጁ እንደ ደንቡ ከአጥር ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። እኛ ሳንቀመጥ፣ ቆመን ጀመርን። «ልጅዎን ለልጃችን...» ከማለቴ ከመኪናው ሴት በዓረብኛ ጮኸች።

አባትየው ውሃውን አስቀመጡ። «ልጁ ከጂዳ ሚስት ይዞ መጥቷል እንዴ? የእኔን ልጅ ጣውንት ሊያደርጋት ነው?»

«ኧረ ሴት አይደለችም! ዕቃ ናት!»

«ዕቃ ዓረብኛ ይናገራል?»

ወዳጄ ሮጦ አመጣትና በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ቆመ። ደግማ ጮኸች።

«ምንድነው የምትል?» አሉ።

ልጁ ከአጥር ውጭ ሆኖ «‹ተመለሱ› ነው የምትል!» ብሎ ጮኸ።

«ወዴት?»

«ወደ ሽንኩርት ማሳው» አልኩ እኔ፤ የሆነውንም ሁሉ መሐላዬን ጨምሬ ነገርኳቸው። ጭቃችንን አዩ። ዕቃዋን አዩ። ከዚያ ሳቁ ሲጀምራቸው ግድግዳ ያዙ።

«ሴት ስላዘዘችው ሽንኩርት ማሳ ድረስ የገባ ባል ከየት ይገኛል?» አሉ። «ተቀመጡ። ቃላችሁን ልስማ። ከሶላት በኋላ የሚመጡት ይቆዩ።»

ተቀመጥን። እሷን ግን ወደ መኪናዋ እንድንመልሳት አዘዙን።