ቀትር ላይ የሚጠፋው ቁጥር

ሳውዲ ዐረቢያ ውስጥ፣ በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ፣ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ካፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬና ዋሴ፣ አቡ ሳሊሕ የተቃጠለ ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ደሴ ሬዲዮ ትጠግን ነበር አሉ፤ እስቲ ይሄን አስነሳው» አለኝ። አስነሳሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ በቀዝቃዛው ኤሲ ሥር ሲሠራ አየና «ኸላስ፣ አለቀ» ብሎ ለቦርዱ ባለቤት ላከው። የቤቱ ደንብ ይህ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት የሠራ ዕቃ ዳነ ይባላል። እኔም ለዓመታት ሳልጠይቅ በዚህ ደንብ ሠራሁ።

ከጥገና አልፌ ራሴ ቦርድ መሥራት ስጀምር ኮራሁ፤ አልዋሽም። የመጀመሪያው ለአንድ የብረት ቁርጥራጭ ግቢ የሠራሁት ነው። እዚያ የጭነት መኪና ሚዛን አለ። ሚዛኑ የኪሎውን ቁጥር በሽቦ ይልካል፤ የእኔ ቦርድ ተቀብሎ ደጅ ምሰሶ ላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ለሾፌሩ ያሳያል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ጥፍር የምታህል ማይክሮኮንትሮለር ናት። ቺፗ በውስጧ የራሷ ሰዓት ስላላት፣ ክሪስታል የሚባለውን ከውጭ የሚጨመር ሰዓት ጠባቂ ተውኩት። ቦርዱ አነስ አለ፤ አቡ ሳሊሕም «ሻጢር!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሰሌዳው በተሰቀለ በሳምንቱ ቅሬታ መጣ፤ ቁጥሩ ጠፍቶ ሰረዝ ብቻ ያሳያል። ሄድኩ፤ ደህና ነው። ሽቦ ቀየርኩ። ደግመው ደወሉ፤ ሄድኩ፤ ደህና ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ምንም ያልሆነውን ፓወር ሰፕላይ ሳይቀር ለወጥኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ አቡ ሳሊሕ ጠራኝ።

«ያ ሰዒድ፣ የግቢው ባለቤት ሰሌዳችሁን ነቅላችሁ ውሰዱ ብሏል። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ኢቃማህን አላሳድስም። ኹሩጅ ነው፤ ወደ አገርህ ትሸኛለህ።»

ተናደድኩም፣ ፈራሁም። ደሴ ያሉት ልጆቼ የሚማሩት በዚያች ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሠርቼ በምልከው ነው።

ሚዛኑ ላይ የሚሠራው ከማል የሚባል የእኛው የወሎ፣ የወረባቦ ሰው ነበር። ያን ቀን መሣሪያዬን ተሸክሜ ስደርስ ሳቀብኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ ሁልጊዜ ከአሱር በኋላ ነው የምትመጣው። በዚህ ሰዓት መች ሙሽኪላ አለውና! ዙሁር ላይ፣ በቀትር ና፣ ጉዱን ታያለህ።»

እውነቱን ነው። በሙቀቱ ወራት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ስለሆነ፣ እኛ ጠጋኞች ደንበኛ ዘንድ የምንሄደው ሁሌ ከአሱር ሰላት በኋላ ነው። ያኔ የመጋዘኑ ጥላ ሰሌዳው ላይ ወድቋል። መኪኖቹ ግን በቀትርም ይመዘናሉ።

በማግስቱ ቀትር በከማል ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በመስኮት አየሁ። ፀሐይዋ ሰሌዳው አናት ላይ ወጣች፤ ትንሽ ቆይቶ ሰረዝ። ከማል ፎጣ ውሃ ነክሮ ሮጦ ሄደና ከሰሌዳው ሥር ቦርዱን በያዘው ሳጥን ላይ ጣለው። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን፤ ቁጥሩ ተመለሰ።

«ሱብሃነላህ! ትኩሳት ነው የያዘው» አለ።

ገባኝ፤ አፈርኩም። በሽቦው የሚመጣው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሰዓት የሚነግር ሌላ ሽቦ የለም። እያንዳንዱ አሃዝ በአሥር ቁራጭ ምልክት ይመጣል፤ የአንዱ ቁራጭ ዕድሜ ከሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ እምብዛም አይበልጥም። ቺፗ የመጀመሪያውን ስትሰማ መቁጠር ትጀምርና እያንዳንዱን መሃሉ ላይ ታነባለች። ሰዓቷ ከመቶ አምስት ያህል ከተዛባ፣ ስሕተቱ እየተጠራቀመ መጨረሻው ላይ ግማሽ ቁራጭ ይሞላል፤ ያኔ የጎረቤቱን ታነባለች፤ ቁጥሩም ትርጉም ስለሚያጣባት ሰረዝ ታወጣለች። የውስጡ ሰዓት ደግሞ ሲግል ይዛባል። ክሪስታሉን የተውኩት እኔ፤ ኤሲ ሥር ፈትኜ «ዳነ» ያልኩትም እኔ።

ቦርዱን ነቅዬ ወደ ጥገና ቤቱ ወሰድኩና ክሪስታሉን በየድኩ፤ ፕሮግራሙም በእሱ እንዲቆጥር አደረግሁ። ከዚያ ሙቅ አየር በሚነፋው መሣሪያ ቦርዱን እጅ እስኪያስለቅቅ አጋልኩት። አቡ ሳሊሕ ደነገጠ።

«ልታቃጥለው ነው?»

«አይደለም፤ የግቢውን ቀትር እያሳየሁት ነው» አልኩት።

እንዲያ ግሎም ከላክሁለት ቁጥር አንድ አሃዝ አልሳተም።

ሐሙስ፣ ዙሁር ተሰግዶ እንዳለቀ አቡ ሳሊሕ ራሱ መጣ። ፒካፑን ሚዛኑ ላይ አወጣና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከማል ደረቅ ፎጣውን ከክፍሉ ውስጥ አውለበለበልኝ። አቡ ሳሊሕ ስልኩን አወጣና ከመኪናው ሳይወርድ ኢቃማዬን አሳደሰ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልሸሽገውም፤ በራሴ ስሕተት የታመመውን ራሴ አድኛለሁ።

ሰሌዳው እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል። በጥገና ቤታችንም የአንድ ሰዓቱ ደንብ ቀርቷል፤ ደጅ የሚሰቀል ዕቃ ሳይግል «ኸላስ» አይባልም። ዕቃ ደህና መሆኑ የሚታወቀው እሱን በሚከብደው ሰዓት ነው፤ ጠጋኙን በሚመቸው ሰዓት አይደለም።