በቀይ ቆርቆሮ የነበረው ዳዶ

ሞጣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጎማ እጠግናለሁ፤ ታዘበው እባላለሁ። ከጎኔ ያለው ጋራዥ የጋሽ ስጦታው ነበር። ሙያውን የለመዱት በወጣትነታቸው፣ ፈረንጆች መንገድ ሲሠሩ ከነበረበት ካምፕ ነው። ያኔ መኪናውም ቁልፉም በኢንች ነበር። በኋላ የጃፓን መኪና አገሩን ሲሞላው ሁሉም ነገር በሚሊ ሆነ። እሳቸው ግን አንድም ዕቃ አልጣሉም። የኢንቹን ዳዶ፣ ብሎን ላይ እየዞረ የሚጠብቀውን ማሰሪያ፣ በቀይ ቆርቆሮ፣ የሚሊውን በተቆረጠ ጀሪካን ለያይተው ያስቀምጡ ነበር።

ሾፌሮች ይፈትኗቸዋል። ዓይናቸውን አስጨፍነው ዳዶ እጃቸው ላይ ያኖሩላቸዋል፤ እሳቸው ጥርሱን በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ አድርገው «ይኼ የእንግሊዝ ነው፣ ይኼ የጃፓን» ይላሉ፤ የእንግሊዝ የሚሉት የኢንቹን ነው። አንድም ቀን ሲስቱ አላየሁም። እኔ ሃያ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እውነቱን ልናገርና እቀናባቸው ነበር።

ከዚያ ስኳር ያዛቸው። ጣታቸው እየደነዘዘ ሲሄድ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ግን ካቻቪቴው ከእጃቸው ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ሻይ ሲያቃጥላቸው ሳያውቁት ሲቀሩም አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ያንን ዝምታዬን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

አብዱልዋሂድ የሰፈራችን ነጋዴ፣ የጋሽ ስጦታው የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው። አሮጌ ፒካፑን ከእሳቸው በቀር ሰው እንዲነካበት አይወድም። ባለፈው ጥቅምት ወደ ቢቸና ገበያ ሊሄድ ሲል፣ የኋላ ጎማውን ከያዙት ስድስት ዳዶዎች ሦስቱ አርጅተው ስለነበር ጋሽ ስጦታው፣ እንደ ልማዳቸው ዕቃውን ሳያዩ በእጃቸው ዳስሰው አንስተው ቀየሩለት። የኢንች ዳዶ የሚሊ ብሎን ላይ ይገባል። ጥቂት ይዞርና ጥብቅ ይላል፤ ጥርሳቸው ስለማይገጥም ግን የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ደህና ጣት ቢሆን ገና ሲያነሳው ያውቀው ነበር። የቀሩት ሦስቱ ብቻቸውን አልቻሉትም፤ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ወለቀ። አብዱልዋሂድ እዚያው ሞተ።

በማግስቱ የከተማው ወሬ «ሲከንፍ ነው» ሆነ። አፍ አይከፈልበትም መቼም። ያ ሰው እንኳን ሊከንፍ፣ ባጃጅ ሲቀድመው እንኳ ደንታ የማይሰጠው ነበር።

ፒካፑ ተጎትቶ ሲመጣ ጎማውን ያየሁት እኔ ነኝ። የጎማው ክዳን ውስጥ አንድ ዳዶ ቀርቷል፤ ጥርሱ ተልጧል። በሃያ አንድ ሚሊ ቁልፍ ብይዘው ላላ፤ በኢንቹ ብይዘው ልክ ሆነ። ወንዝ ልጥለው ኪሴ ስከተው ከኋላዬ ቆመው ያዩ የነበሩት ጋሽ ስጦታው እጃቸውን ዘረጉ። ዳዶውን ጣታቸው ላይ ደጋግመው አገላበጡት፤ ጣታቸው ምንም አልነገራቸውም።

«ታዘበው፣ የማን ነው?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ሽበታቸውን እያየሁ ግን አልቻልኩም።

«የእንግሊዝ ነው» አልኳቸው።

አብረን ለቅሶ ቤት ሄድን። ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ለሚስቱ ለዑሙሰልማ ዳዶውን አሳይተው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። አንዳንዱ ተነስቶ ሊያስወጣቸው ፈለገ፤ እሷ በእጇ ከለከለች።

«ቀስ ብሎ ሲነዳ ነበር ማለት ነው?» አለቻቸው።

«ቀስ ብሎ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ዳዶውን ከእጃቸው ተቀበለች። ከዚያ «ልጆቼ አባታቸው በገዛ ፍጥነቱ ሞተ ሲባል እየሰሙ ነው። ለእነሱም ይንገሩልኝ» አለች።

ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ በአንድ ተጠሩ። ለትልቁ ነገሩት። ለሁለተኛው ሲነግሩት ግድግዳ ያዙ። የመጨረሻዋ ሪሃብ ገብታ ፊታቸው ስትቆም አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ድምፅ አልወጣም። እኔ ጨረስኩላቸው። ጣታቸው መደንዘዙን ከዓመት በፊት አውቄ ዝም ማለቴንም ጨምሬ ነገርኳት።